ጥለቱ በራስጌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ፣ ቢቸና። ዕድሜውን በሙሉ ሂሳብ ያስተማረ ሰው ቀንና ሰዓት ሳያሰፍር መጻፍ አይሆንለትም፤ መነሻው ያልታወቀ መስመር ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። በዚህ ምክንያት ከቤቴ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊ የኤሌክትሪክ ካውያውን ትቶ አባቱ ያወረሱትን የከሰል ካውያ አውጥቷል። ዳቦ ልገዛ ስወጣ አየሁት። ከአቡጀዲ የተቆረጠ ረዥምና ቀጭን ጨርቅ በገበታው ላይ ዘርግቶ፣ ውኃ በአፉ ጎርሶ እፍ አለበትና ካውያውን አሳረፈበት። የራሰ ጥጥ ትኩስ ብረት ሲነካው የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ከሚቆላ ገብስ ጋር ይቀራረባል፣ ግን ጥቂት የከሰል ምሬት ይዟል። እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ።

«ጋሼ፣ ምነው ቆሙ? የሚሰፋ አለዎት?» አለኝ።

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ያያሉ?»

«የማየው የለም፤ እያሸተትኩ ነው።»

«ለማሽተትማ አናስከፍልም፤ ይቀመጡ» ብሎ ሳቀ፣ በርጩማውንም ገፋ አደረገልኝ። አልተቀመጥኩም። ዳቦውንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ባለቤቴ ይታይሽ በግቢው ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበርና ባዶ እጄን አይታ፣ «ምን ልትገዛ ኖሯል የወጣኸው?» አለችኝ። ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሞጣ የገባሁት ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩ ማግስት፣ በመጀመሪያ ምደባዬ ነው። ዘመኑን በስሙ አልጠራውም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ላላየው ብነግረው ይሟገተኛል። ከደጀን የተነሣው አውቶቡስ ቢቸናን አልፎ ደብረ ወርቅ አካባቢ ሲደርስ ጭቃ ያዘው። ወንዶቹ ወርደን ገፋን፤ ሴቶቹ ከመስኮት ሆነው አዘኑልን፣ ሳቁብንም። ግርጌው እንደ ደወል የተንዘረፈፈ ቦላሌ ሱሪ ለብሼ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ሥልጣኔ እርሱ ነው። ሞጣ ስደርስ ግርጌው ጭቃ ጠጥቶ ከእኔ ኋላ ኋላ ይጎተት ነበር። ነጭ ቴትረን ሸሚዝም ነበረኝ፤ ያን ጊዜ ቴትረን የለበሰ ሰው ካውያ ለምኔ ይል ነበር። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ አቡጀዲ በሜትር ከአንድ ብር ብዙም ሳይርቅ ይሸጥ ነበር። ከጊዮርጊስ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ጥግ ላይ፣ እኛ መምህራን የምንውልበት ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሬዲዮኑን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖ ያኖረዋል፤ ዘፈን ሲመጣ ይገልጠዋል፣ ዜና ሲጀምር አጥፍቶ ይሸፍነዋል። ለምን ቢሉት፣ «ዜና ባትሪ ይበላል» ይላል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ጥጉ ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶች ቤት ሆኗል። በሩ ላይ ዘፈኑ ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ የሚሸፍነው የለም። ቆሜ ሰማሁ፤ ግጥሙ ባይገባኝም ዜማው ደግ ነበር።

ይታይሽ በዚያው ትምህርት ቤት የባልትና መምህርት ነበረች። እርሷ ራሷ እዚያው ተማሪ ሳለች ከባሕር ማዶ የመጣች አንዲት ወጣት መምህርት ሴቶቹን ስፌት ታስተምራቸው ነበር። መምህርቷ ከልብስ ሰፊዎች በረንዳ ቁርጥራጭ ታስለቅማቸዋለች፤ ካኪ፣ ፖፕሊን፣ አበባ ያለበት የቀሚስ ጨርቅ፣ ከተገኘም ከፋይ። ያን አራት ማዕዘን እያስቆረጠች፣ አንዱን ካንዱ እያስገጠመች ሰፊ ፊት ታሠራቸዋለች። ከሥሩ በደጋን የተነደፈ ጥጥ፣ ከጥጡ ሥር አቡጀዲ ይነጠፋል፤ ሦስቱም በአንድ ላይ ረድፍ በረድፍ ይሰፋሉ። እንዲህ ያለ የአልጋ ልብስ ሞጣ አይታ አታውቅም። ነገር ግን ቁርጥራጭ ተጋጥሞ ለሚለበስ ነገር ከጥንት ጀምሮ ስም ነበራት፤ ድሪቶ። ድሪቶ ደግሞ ያጣ ሰው ልብስ ነው። የይታይሽ እናት እማ አንጓች ልጃቸው ያን ተሸክማ ወደ ቤት በገባች ቀን፣ «ጋቢና ቡሉኮ በሞላበት ቤት፣ ተምራ ተምራ ድሪቶ ይዛልኝ መጣች!» ብለው ጎረቤት ሳያይ ወደ ሣጥን አስገቡት አሉ። የመጨረሻው ትምህርት የጠርዙ አከፋፈፍ ነበር። መምህርቷ ያን ሳታስተምር ወደ አገሯ ተጠራችና ሄደች። ስለዚህ ድሪቶው አራቱም ጎኑ እንደተከፈተ፣ ጥጡ በየጠርዙ ብቅ እያለ፣ በሣጥን ውስጥ ዓመታት ቆየ። ስንጋባም ከነሣጥኑ ወደ ቤታችን መጣ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ። ከተጋባን በኋላ ሁለት ልጆች ተወለዱልን፤ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሄዱ። ሳይጠመቅ ለሄደ ሕፃን ፍትሐት አይደረግም፤ ለቅሶ አይጠራም፤ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መጥቶ በደጅህ አይቀመጥም። የጎረቤት ሴቶች ብቅ ይሉና፣ «እንስራው ይኑር እንጂ ውኃው አይታጣም» ብለው አራሷን በዓይናቸው አጽናንተው ይሄዳሉ። ክፋት የለበትም፤ ከጥንት የመጣ ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ይታይሽ በሁለቱም ጊዜ በሳምንቷ ተነሥታ ቤት ጠረገች፤ በወሯ ክፍል ገብታ አስተማረች። እኔም እንዲሁ አስተማርኩ። ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ለመጀመሪያው ልጅ አስቀድመን ከደብረ ማርቆስ ትንሽ የሱፍ ቆብ አስመጥተን ነበር። እማ አንጓች ቆቡን አይተው የዚያን ጊዜ ዝም ቢሉም፣ በኋላ ግን ደጋግመው ያነሡት ነበር። በእነርሱ ቤት ሥርዓት ላልተወለደ ልጅ ጨርቅ አይቆረጥም፣ ነፍሰ ጡርም መርፌ አትይዝም።

ሦስተኛው ፅንስ ስድስት ወር ሲሞላው፣ ገና ትምህርት ሳይዘጋ፣ ክረምቱ ገባ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ «ከአልጋ እንዳትወርጂ፤ ከወረድሽ እኔ የለሁበትም» አላት። የጮቄ ተራራ ብርድ በበሩ ሥር ገብቶ እስከ አልጋው ይደርስ ነበር። ይታይሽም ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ትውላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወላጆቿ ሊጠይቋት መጥተው ሳለ፣ ድንገት፣ «ድሪቶዬ ጠርዙ ይከፈፍልኝ» አለች። «ለምን ብትሉኝ፣ ይህ ቤት አንድ ነገር ተሠርቶ ሲያልቅ እንዲያይ ነው። እኔ ካለቀ ነገር ሥር መተኛት እፈልጋለሁ።»

እማ አንጓች በተቀመጡበት ደነገጡ። «ሳይወለድ? ያን ቆብ ረሳሽው?»

አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ የኔታ እንላቸዋለን፣ ከሚስታቸው በቀር ከተማው ሁሉ የሚፈራቸው ሰው። ሁላችንም ወደ እርሳቸው ዞርን። ጢማቸውን ደባበሱና፣ «የሚሰፋው ለሕፃኑ ነው ወይስ ለአልጋው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ለአልጋው ነው፣ የኔታ» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«አልጋውማ ከተወለደ ቆየ። ይከፈፍለት።»

«አንቱ ደግሞ ሁሉን በቅኔ ያመልጡታል!» አሉ እማ አንጓች። «እሺ፣ መርፌውን ማን ይይዛል? እርሷ አትነካም!»

«እርሱ ነዋ» አሉ የኔታ፣ በጣታቸው ሳይሆን በአገጫቸው ወደ እኔ አመልክተው።

«ወንድ ልጅ? ቤት ቁጭ ብሎ ድሪቶ?»

«ገበያ ላይ ያንቺን ቀሚስ የሚሰፋልሽ ጢም የለውም ወይ?»

በዚህ ተዘጋ። ለልብስ ሰፊ እንዳንሰጠው እማ አንጓች አስጠነቀቁን፤ ሰው አይቶ «ገና ሳይወለድ ያሰናዳሉ» እንዳይለን ነው። ይታይሽ ግን ከአልጋዋ ሆና እያየችኝ ነበር። እንደዚያ ካየችኝ ወራት አልፈው ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስኮቱ ሥር መቀመጥ ጀመርኩ። በዕድሜዬ የተላቀቀ ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅም። ይታይሽ መርፌ ባትነካም ለአፏ ክልከላ አልነበረበትምና ከትራሷ ሆና ትመራኛለች። መምህርቷ ለራሷ ስትሠራ አንድ ጊዜ አይታለች፤ የምታውቀውም ያን ያህል ነው። አቡጀዲው አራት ጣት ስፋት እየያዘ በቀጭን በቀጭኑ ይቆረጣል። ቁራጮቹ ጫፍ ለጫፍ ይቀጣጠላሉ፤ ሲቀጠሉ ግን በቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ ነው፣ የስፌቱ እብጠት በአንድ ቦታ እንዳይከማች። ከዚያ በቁመቱ ሁለት እኩል ታጥፎ በካውያ ይተኮሳል። ያልታጠፈው ወገን ከድሪቶው ጠርዝ ጋር ተገጥሞ በፊት በኩል ይሰፋል፤ የታጠፈው ወገን ጠርዙን አልፎ ወደ ኋላ ይገለበጥና በጥቃቅን መርፌ ይቀመቀማል። በጽሑፍ ሲቀመጥ ቀላል ነው።

«መርፌውን እንደ ጠመኔ አትያዘው» ትለኛለች።

«እንዴት ልያዘው?»

«እንደ ሰው። ኧረ ጣትህን አይደለም፣ ጨርቁን ውጋ!»

ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን። «እዚህ ጋ ወደ ላይ አጠፈችው» አለች ይታይሽ ዓይኗን ጨፍና፣ «ከዚያ ወደ ታች መለሰችው፤ መሐሉን አላየሁም፣ ያቺ ረዥሟ ልጅ ፊቴ ተገተረች።» የዚያን ጊዜ ወረቀት አወጣሁ። ከማዕዘኑ ጥቂት ቀደም ብሎ ስፌቱን ማቆም፣ ጨርቁን በአርባ አምስት ዲግሪ ወደ ላይ ማጠፍ፣ ከዚያ በራሱ ላይ ወደ ታች መመለስ፤ ሲገለበጥ ማዕዘኑ እንደ ፖስታ ጥርት ብሎ ይወጣል። ደርሼበት ስጮኽ ይታይሽ ሳቀች። «አየህ፣ ያ ሁሉ ዲግሪ ለዚህ ኖሯል!» አለች። በዚያ ክረምት ስትስቅ የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርድ ነበር፤ ካውያው በእሳት ተሞልቶ ከጎኔ ቆሟል፤ ቤቱ የራሰ ጥጥ ሽታ ሸቷል። ዛሬ በረንዳው ላይ ያቆመኝ ይህ ሽታ ነው።

ዙሪያውን በጥንቃቄ ለክቼ፣ አራቱን ጎን ደምሬ፣ ልክ ያን ያህል ቆርጬ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ቅጥያ ከጨርቁ ይበላል፤ እያንዳንዱ ማዕዘንም ሲታጠፍ ይበላል። ይህን አልደመርኩም። አንዱንም ቁራጭ፣ የማዕዘኑን አጠፋፍ ስማር፣ አበላሽቼዋለሁ። ሦስቱን ጎን ጨርሼ ወደ አራተኛው ስዞር በእጄ የቀረው ስንዝር እንኳ የማይሞላ ነበር።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች ይታይሽ።

«አልቸኮልኩም፤ በትክክል ነው ያሰላሁት።»

«ያሰላኸውማ ወረቀቱን ነው። ጨርቅ ይበላል፤ ወረቀት አይበላም።»

ወደ ገበያው ወረድኩ። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ከደጀን መኪና ከመጣ ሰንብቷል፤ የነጋዴዎቹ መደርደሪያ ባዶ ነበር። አንዱ ቀይ ከፋይ አሳየኝ፣ ሌላው ከረጢት ልስጥህ አለኝ። ተመለስኩ። ሲመሽ ዓይኔ በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ኩታዬ ላይ ዐረፈ። እናቴ ለሠርጌ ከዚሁ ከቢቸና አሠርተው የላኩልኝ ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴና ቢጫ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ክር። ጥለት ከመጀመሪያውም እንዲከፈፍበት የተሸመነ መሰለኝ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ የማይተረተር፣ ስፋቱም ቢሆን ልክ የሚፈለገው። ምላጭ አንሥቼ ከኩታው ቆርጬ አወጣሁት።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ሰው? እናትህ ምን ይላሉ?»

«ኩታ ያለ ጥለቱም ይሞቃል» አልኳት። እናቴን እንደማውቃቸው፣ ቢሰሙ በዚህ አይቆጡም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ሰፋሁ። አራተኛው ጎን ከሦስቱ ይልቅ አማረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አራገፍኩት። ያማረው ጠርዝ ለፊቷ ቅርብ እንዲሆንላት ብዬ ጥለቱን ወደ ራስጌ አድርጌ አለበስኳት፤ እስከ አገጯም ሳብኩላት። ይታይሽ ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ደስታ ነው ብዬ ገመትኩ። ከአልጋው ራቅ ብዬ ቆሜ የገዛ ሥራዬን አደንቅ ጀመር።

እማ አንጓች አጥሚት በማሰሮ ይዘው የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። በሩ ላይ ቆሙ። ወደ አልጋው አዩ። ማሰሮውን ቀስ ብለው መሬት አኖሩና እጃቸው ሳያዝዙት ወደ ነጠላቸው ሄደ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ያን ጊዜ ታየኝ። ጥለት ወደ እግር ይወርዳል፤ ወደ አንገትና ወደ ፊት የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው፣ ሐዘንተኛ ልብሱን ሲያዘቀዝቅ። ይህን የማያውቅ ሕፃን በጎጃም የለም። እኔም አውቃለሁ፤ ለአባቴ አዘቅዝቄያለሁ። ነገር ግን በእጄ ላይ ሳለ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር፤ ሰው እንደሚተኛበት ያሰብኩት በብርዱ በኩል ብቻ ነው። የሁለት ልጆች እናት የነበረችን፣ ሦስተኛውን በፍርሃት የተሸከመችን ሴት፣ በገዛ እጄ የለቅሶ ልብስ አልብሻታለሁ። ዘልዬ ጫፉን ያዝኩ፣ ላዞረው።

«ተው» አለች ይታይሽ። «አታዙረው።»

«ምን ነካሽ፣ አንቺ ልጅ?» አሉ እናቷ። «ሟርት ነው! አውልቂው!»

«ማን ሞተ አልሽ፣ እማ?» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ሁለት ልጆች ሞተዋል። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ አንቺ ጠየቅሽኝ።»

«ዝም ያልነው ላንቺ ብለን ነው» አሉ እማ አንጓች፣ በትንሽ ድምፅ።

«አውቃለሁ።»

«በሆድሽ ያለው ይሰማል...»

«ይስማ። ታላላቆች እንደነበሩት ይወቅ።»

እማ አንጓች እንዲያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ አገላበጡት፤ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው መልሰው ለበሱት። መጥተው በአልጋው ጠርዝ ተቀመጡ። እጃቸውን በልጃቸው እግር ላይ አኑረው፣ ማንንም ሳያዩ፣ «የፊተኛው ግንባሩ የአባቴ ነበር፤ ሰፊ» አሉ። «ሁለተኛዋ ጣቶቿ ረዣዥም ነበሩ። የክር ፈታይ ጣት።»

«አይተሻቸዋል?» አለች ይታይሽ ቀና ብላ።

«ያጠብኳቸው እኔ አይደለሁ?»

ያን ጊዜ ይታይሽ አለቀሰች። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ስማቸው ያልወጣ፣ መልካቸውን ያላየሁት፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልለው ሽማግሌ ይዟቸው ከቤቴ የወጡት ልጆቼ አንዱ ግንባር፣ አንዷ ጣት አገኙ። ሲመሽ የኔታ መጡ። ሚስታቸው ነጠላ እንዳዘቀዘቁ፣ ልጃቸው ድሪቶ እንዳዘቀዘቀች አዩ። እንደ ለቅሶ ደራሽ በበሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ተቀመጡና፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ፍትሐቱን ሥርዓት ከልክሎናል፤ መጽናናቱን የከለከለን የለም» አሉ። እስኪጨልም ድረስ አልተነሡም።

እሑድም እንዲሁ አለፈ። በራችን ገርበብ ብሎ ነበር፤ ጎረቤት አልጠራንም፣ የመጣም የለም። እማ አንጓች ጠዋት መጥተው የአራስ ቤት ወሬ ሳይሆን የለቅሶ ቤት ወሬ ሲያወሩ ዋሉ። ስለ ሟቾች ዘመዶች፣ ማን ማንን ይመስል እንደነበር፣ የፊተኛው ቢያድግ ድቁና ይቀበል እንደነበር። ይታይሽ አንዳንድ ጊዜ ትመልሳለች፤ ሌላ ጊዜ በጥለቱ ዓይኗን ትጠርጋለች። ቀለሙ ጥቂት ለቀቀ፤ ጉንጯ ላይ አረንጓዴ ምልክት አስቀረ። በዚህ ተሳስቀናል፤ በለቅሶ ቤትም ይሳቃል።

ሰኞ ማስተማር ነበረብኝና ጠዋት እማ አንጓችን ከእርሷ ጋር ትቼ ሄድኩ። ሠልስቱ ነበር፤ ሐዘንተኛ በደንቡ ቀና የሚልበት ቀን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ እማ አንጓች የሉም፤ ምድጃው ላይ አጥሚቱ በክዳን ተሸፍኗል። ይታይሽ ተኝታለች፣ በጎኗ፣ ትንፋሿ ረጅም ሆኖ። ድሪቶው ዞሯል። ጥለቱ ወደ ግርጌ ወርዶ፣ እግሯ ላይ ዐርፎ፣ በደንብ ተስተካክሎ ተዘርግቷል። በራስጌዋ ነጩ አቡጀዲ ነበር። ጫማዬን አውልቄ፣ እንዳትነቃ፣ በሩን ከውጭ ዘግቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከመቀስቀስ ይልቅ ብርዱን መረጥኩ።

ልጃችን ሰብለ የተወለደችው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ቶሎ አላለቀሰችም፤ አዋላጇ ጀርባዋን ስትመታት ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ አለቀሰች፤ እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ ይላሉ። በሰማንያ ቀኗ በጊዮርጊስ ክርስትና ስትነሣ ሕፃኗን ይዘው የሄዱት እማ አንጓች ናቸው። በጋቢያቸው ሥር ምን ጠቅልለው እንደያዟት ያየሁት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ንፋሱ ጋቢውን ሲገልጠው ነው። ድሪቶው ነበር፤ ከነጥለቱ፣ በሕዝብ ፊት። እንዳየሁ አዩኝና፣ «ምን ያስፈጥጥሃል? ብርድ ነው» አሉኝ። ሰብለ ዛሬ ባሕር ዳር ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ትመጣለች።

አንድ ነገር ግን በዚህ ዕድሜዬ ሁሉ ይከነክነኛል። በዚያ ሰኞ ድሪቶውን ያዞረው ማን ነው? በዚያ ሰዓት በቤቱ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይታይሽ ከሆነች፣ ለሞቱት ማልቀሷን በራሷ ፈቃድ ዘግታ ለሚመጣው ልጅ አልጋዋን አሰናዳች ማለት ነው፤ ተስፋ ለማድረግ ደፈረች ማለት ነው። እማ አንጓች ከሆኑ ደግሞ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ሥርዓት በገዛ እጃቸው ጥሰው፣ ላልተወለደ ልጅ ልብስ ዘረጉ ማለት ነው። ሁለቱም ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ዓይነት ነገር ግን አይደለም። ይታይሽን በዚያው ሳምንት ጠየቅኋት፤ «እማ ናት፣ እኔ ተኝቼ ነበር» አለች። እማ አንጓችን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰብለ ትምህርት ቤት ስትገባ ጠየቅኋቸው፤ «እኔ? ሳይወለድ የተሰፋ ነገር እጄ ነክቶ አያውቅም። እርሷው ናት» አሉኝ፣ እየተቆጡ። ሁለቱም የማይዋሹ ሰዎች ናቸው።

እማ አንጓች ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደ ግቢው ወጥቼ ይታይሽን እንደገና ጠየቅኋት። «እማ ናት አልኩህ» አለች፣ ፊቷን ወደ ፀሐይ እንዳዞረች። ድሪቶውን ማን እንዳዞረው አልታወቀም።